የአንጓች ተራ

ባለፈው ኅዳር ማኅበሩ እኔ ቤት ነበር። ጠላው የተጠመቀው በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። የልጅ ልጄ ሰላም ባንክ ቤት ውላ የምትገባ ልጅ ብትሆንም ጠላ መጥመቅ ከእናቷ ተምራለች፤ እጇም አይከፋም። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ አንድ ብርጭቆ ሞልታ አምጥታ ፊቴ ቆመች። «አባባ፣ ድሮ የጌሾውን አገር በምላስዎ ይለዩ ነበር ይባላል። እስቲ ይሄ የየት ነው?» አለችኝ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ተጎነጨሁ፤ አፌን ጠረግሁና «ጥሩ ነው» አልኩ። «የየት ነው እኮ ነው ያልኩት!» «ጥሩ ጌሾ ነው አልኩሽ።» ሳቁብኝ፤ አርጅቷል ብለው ተውኝ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ። ጌሾው ግን የዳንግላ ቅጠል ነበር፤ ትንሽ የጫግኒ እንጨት ገብቶበታል። ይህን ለማወቅ ሁለተኛ መጎንጨት አላስፈለገኝም።

ምላሴ ሥራውን ያቆመ መስሏቸዋል። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ለባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሉውን አልነገርኳትም፤ ሴት ለሴት ትገባባለች ብዬ ፈርቼ ይሆናል። አሁን የሚፈራም የሚያፍርም አልቀረምና ልናገረው።

ከተማችንን ያኔ እንጅባራ የሚላት ሰው ብዙ አልነበረም፤ ቆሰበር ነበረች። ዛሬም የኔ ዕድሜ ሰው ቆሰበር ነው የሚላት። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሌላው ሣር ክዳን ነው። አጥሩ ሁሉ ቀርከሃ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ወርዶ ከበረንዳው ማዶ ያለውን ሱቅ ስለሚሸፍነው ባለሱቁ መክፈቱን የማውቀው በሳሉ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ካለ አገር ወደ ዳንግላ መጥቶ የቀረ ሰው ሲሆን፣ ሙያውን ዳንግላ ተምሬ የስፌት መኪናዬን በበቅሎ አስጭኜ ቆሰበር የወጣሁት ጢሜ ገና በወጉ ሳይሞላ ነው። የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እጀ ጠባብ በስሙኒ እሰፋ ነበር፤ ጨርቁን ባለቤቱ ያመጣል። ለገበሬው አቡጀዲ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው ካኪ፣ ለትልልቆቹ ሰዎች ተፈሪ ሱሪ፣ እሱም ባቱ ላይ ጥብቅ ጭኑ ላይ ሰፋ ያለ፣ ሲቆርጡት ልብ የሚያደክም። በገበያ ቀን ፈረሰኞቹ ከየገጠሩ ሲመጡ መንገዱ በኮርቻ ይሞላል። አገውኛ ያኔ አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። የተማርኩት ጠላ ቤት ነው፤ መጀመሪያ የተማርኩትም «ጨምሪልኝ» ማለትን ነው።

ጠላ ቤት በምልክቱ ይታወቃል። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከአጥሩ በላይ ከታየ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ጣሳው ከወረደ አልቋል። አንድ ጣሳ ሙሉ በአምስት ሳንቲም ይጠጣ ነበር። የዛሬ ሰው ጌሾ ሲባል በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ አረንጓዴ ዱቄት ይመስለዋል፤ የየት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያኔ ጌሾ አገር ነበረው። የጫግኒው ቆላ ያደገ ነውና ኃይለኛ ነው፤ ገና ከንፈር ሲነካ ይመራል፤ እንጨቱ ተቀጥቅጦ ሲገባ ደግሞ ጠላው ሰንብቶም አይሆመጥጥም፤ ሾፌሮች የሚወዱት እሱን ነው። የዳንግላው ቅጠሉ ነው ጥሩ፤ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል ቃና አለው፤ ከዳጉሳ ጠላ ጋር ይስማማል። የጥሊሊው ውርጭ ስለሚያየው ነው መሰለኝ ለስላሳ ነው፤ ብዙ ካልጨመሩበት ጠላው ጠላ አይሆንም፤ ሴቶቹ ግን ራስ አያምም ብለው ይመርጡታል። ቅጠሉ በጥላ መድረቁና በፀሐይ መድረቁም ለየብቻ ነው፤ ፀሐይ ያየው ቶሎ ይጎመዝዛል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ብቻዬን የምኖር ሰው ነበርኩ፤ ማታ ማታ እራቴ ከጠላ ቤት ነው፤ የተሰጠኝን በጥሞና ከመጠጣት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ከሁሉም በላይ ግን የእመት የሻረግ ጌሾ ነበር። እመት የሻረግ በቆሰበር የታወቁ ባለ ጠላ ቤት ናቸው። ነጭ ሻሽ ያስራሉ፣ ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ለገበሬው በአገውኛ ለኛ ባማርኛ እየተቆጡ ያስተናግዳሉ። ከማድ ቤታቸው ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ አማታቸው የተከሉት ጌሾ ነበር፤ የጠላውን አተላና የምድጃውን አመድ ሥሩ ላይ እየደፉ ያሳደጉት። ከሱ የተጠመቀውን ገብስ ጠላ ሲጠጡት መጀመሪያ የእህሉ ቃና ብቻ ነው የሚሰማው። ከዋጡት በኋላ መራራው ከምላስ ሥር ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መጥቶም አይቆይም። ሲሄድ አፍ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ጣሳ የሚያስጠይቀው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቢራውንም አረቄውንም ቀምሻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም።

ሾፌሮቹ ናቸው ጨዋታውን ያመጡት። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣሊያን ጭነት መኪና የሚነዱ፣ በዘይት የጠቆረ ቱታ የለበሱ፣ ሳቂታ ሰዎች ነበሩ። ከየቤቱ በየጣሳው ያስቀዱና ዓይኔን በነጠላ ሸፍነው ያቀምሱኛል። «ይሄ የጫግኒ እንጨት ነው፤ ይሄ ዳንግላ፤ ይሄ የእመት የሻረግ!» እላለሁ። አልሳትኩም። አንዴ የሁለት ቤት ጠላ ቀላቅለው ሰጡኝና ሁለቱንም ለየሁላቸው፤ ያን ዕለት ተሸክመው መንገዱን አዞሩኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ውስጥ በእጅ የሚዞረው ግራማፎን ይጮሃል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ትከሻ ላይ ነኝ። ሰው በስፌቴ ቢያመሰግነኝ እሺ ብዬ አልፍ ነበር፤ በምላሴ ሲያመሰግነኝ ግን ልቤ ያብጣል። እውነቱን ለመናገር የማይረባ ኩራት ነው፤ ያኔ ግን ከዚያ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረኝም።

አንጓች የምትባለው ሴት ከገበያው በታች ትንሽ ጠላ ቤት ነበራት። የዳንግላ ልጅ ናት፤ ባሏ ከበቅሎ ወድቆ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ጠይም፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትይዝ፤ ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት በሦስት ዓመት ቢያንስ ነው። ጌሾዋ የጫግኒ ነው፤ ጓሮ ስለሌላት ከነጋዴ ትገዛለች። ጠላዋ መልካም ነበር፤ የእመት የሻረግ ግን አይደለም፤ ይህንንም እሷ ራሷ ታውቀዋለች። «አያ ደሳለኝ፣ እኔ ቤት ለምን ትመጣለህ? ምላስህን ላበላሸው ነው?» ትለኛለች። የምመጣው ለጠላው አልነበረም። ለፋሲካ አበባ ጨርቅ አምጥታ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ የሰው ቀሚስ በአንድ ቀን የምጨርሰው ሰውዬ አራት ቀን ፈጀሁበት፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ልልክባት ወስኜ ነበር። ወድጃት ነበር፤ በቃ።

እኔ፣ አንጓችና እመት የሻረግ ሦስታችንም የአንድ የሚካኤል ማኅበር አባላት ነን። አሥራ ሁለት ሰው ነን፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን አንዱ ጋ እንሰበሰባለን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወር ይደርሰዋል። ጥቅምት የእመት የሻረግ ነው። ኅዳር የአንጓች ባል ተራ ነበር፤ ሲሞት ቦታውን እሷ ያዘች፤ መጀመሪያው ዓመት በሐዘኗ ምክንያት ሌላ ሰው ተክቷት ስለነበር ያ ዓመት የመጀመሪያ ተራዋ ነው። ታኅሣሥ የማኅበሩ ሙሴ ማለት የመሪያችን የአያ ቢተው፣ ጥር የእኔ ነው። ማኅበሩ የራሱ ጋን ነበረው፤ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከጥንት ከመሥራቾቹ የወረደ። ጠላው በሌላ ጋን አይጠመቅም። ዝክሩ በተዘከረ ማግሥት አራት ወንዶች ጋኑን በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመን ለሚቀጥለው ባለተራ ደጅ እናደርሳለን። ከደጅ በኋላ ያለው የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኛ ጠይቀንም አናውቅ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ሊያልቅ ሲል እመት የሻረግ ጠዋት ጓሮ ሲወጡ ሁለት ትልልቅ የጌሾ ዛፎቻቸው ቅጠል የሚባል የላቸውም። እስከ ጫፍ ተመልምለዋል። የኅዳር፣ የታኅሣሥና የገና ጠላ ሁሉ በዚያ ቅጠል የሚጠመቅ ነበርና ጩኸታቸው ገበያው ድረስ ተሰማ። ማን ነው? ጌሾ ሌላ ማን ይፈልጋል፣ ጠላ ጠማቂ ካልሆነ? ከተማዋ ሳምንቱን በሙሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አወራች። ስም የጠራ ግን አልነበረም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አንጓች ቤቷን በአዲስ ቄጠማ አሳምራ፣ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሳ ተቀበለችን። በባሏ ቦታ ማኅበሩን ስታበላ ስታጠጣ መጀመሪያዋ ነው። ጠላውን ቀዳች፤ እንደ ወጉ ከጣሳው ጥቂት በመዳፏ አንጠባጥባ ቀምሳ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ከዋጥኩት በኋላ መራራው ከምላሴ ሥር ቀስ ብሎ መጣ፤ መጥቶም አልቆየም። ደስታ ያዘኝ። ለሷ ደስ አለኝ፣ ለምላሴም ደስ አለኝ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ስለማላውቅ ጣሳውን ከፍ አድርጌ፣ «ኧረ ይሄ የእመት የሻረግ ጌሾ ነው! አንቺ ሴት፣ እንዴት አገኘሽው?» ብዬ ጮህኩ።

ዝክሩን ሊባርኩ የመጡት ቄስ እጃቸው ላይ ያለውን ዳቦ መልሰው ሌማቱ ላይ አስቀመጡ። ያን ጊዜ ነው የተቆረጠው ጌሾ ትዝ ያለኝ፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ እስከዚያች ደቂቃ አልታሰበኝም ነበር። እመት የሻረግ ጣሳቸውን አንስተው ቀስ ብለው ቀመሱ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አንጓች ከደጁ ሥር ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። «አያ ደሳለኝ፣ ምን ማለትህ ነው?» አለችኝ። ተሳስቻለሁ ማለት ይቻል ነበር። ቀልዴን ነው ማለት ይቻል ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን እኔን ነው፤ አልሳትም የተባልኩትን እኔን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አያ ቢተው ሦስት ጣሳ አስመጡ፤ አንዱ ከማኅበሩ ጋን ተቀድቶ የቆየ የአንጓች ጠላ ነው፣ አንዱ ከቀድሞው ቅጠል የተጠመቀ የእመት የሻረግ፣ አንዱ የሌላ ሰው። ዓይኔን በነጠላ ሸፈኑኝ፤ ልክ እንደ ሾፌሮቹ። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ቀመስኩ፤ የሌላውን ሰው ጠላ የዳንግላ ነው ብዬ ለየሁ፤ ሁለቱ ግን አንድ ጌሾ ናቸው አልኩ፤ በእርግጥም አንድ ነበሩ። ከአንዱ ውስጥ የጫግኒ እንጨትም ይሰማል ብዬ ጨመርኩ። ሰዉ አጉረመረመ። አያ ቢተው ወደ አንጓች ዞሩ፦

«ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ጌሾዬን ከጫግኒ ነጋዴ ገዛሁ። ነጋዴው ሲመለስ ይጠየቅ። የሰው ጓሮ አልረገጥኩም፣ ሚካኤል ያያል።»

«እሱ የቀመሰውስ?»

«እኔ እንጃ… ምናልባት ጋኑ…»

አላስጨረስኳትም። «ጋን ደግሞ ጌሾ ያበቅላል እንዴ?» አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ሳቅ እንደጀመረ እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅልኝ ሁልጊዜም እንዲሁ ነበርኩ። አንጓች ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቀችም። ፍርዱ ቀላል ነበር፤ ነገሩ እስኪጣራ ማኅበሩ ቦታዋን ይያዝ ተባለ። የሚያጣራ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። በማግሥቱ ቤቷ ጠጪ አልገባም፤ በሳልስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ጣሳውን ከእንጨቱ ጫፍ አወረደች። እንስራዎቿን ሣር ጠቅልላ ጫግኒ በሚወርድ መኪና ላይ ስትጭን በረንዳዬ ላይ ሆኜ አየኋት። ቀሚሱን አጣጥፋ ለጎረቤቷ ሰጥታዋለች፤ ጎረቤቷ እንዲጠብላት ወደ እኔው አመጣችው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሆነው። በገና ዕለት የእመት የሻረግ አማች ከጥሊሊ በግ ይዞ መጣ። ሰው በተሰበሰበበት ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እማማ፣ ለጌሾው እግዜር ይስጥልን። ለወንድሜ ሠርግ እንዲህ ያለ ጠላ አልተጠጣም» አላቸው። በዚያች ጥቅምት ማለዳ በከተማዋ ሲያልፍ ኖሯል፤ እሳቸው ኪዳን ሊያደርሱ ወጥተው ነበር፤ የአማቴ ጓሮ የኔ ጓሮ ነው ብሎ ቆርጦ ሄደ። እመት የሻረግ ምግቡን ሳይቀምሱ ተነሥተው በረንዳዬ ድረስ መጡ። ጫማ አላደረጉም። «የሰው ልጅ በላሁ» አሉኝ። «አንተም አብረኸኝ በላህ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ አንጓች አልነበረችም፤ ምላሴ ነው። እሷ ካልቆረጠች እኔ ምን ቀመስኩ? እንዴት ልስት እችላለሁ? ሁለት ሌሊት ይህንኑ አሰላሰልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ የጥር ተራዬ ነውና፣ ከታኅሣሥ ዝክር ማግሥት ጀምሮ ቤቴ በተቀመጠው ጋን ጠላ የሚጠመቅበት ነበር፤ ሚስት ስላልነበረኝ የአያ ቢተው ባለቤት ልትጠምቅልኝ እሺ ብላለች። ሥራ ትቼ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አየኋት። ትንሽ ውኃ ጨመረች፤ ጋኑን አንዴ አዘንብላ አንቀረቀበችው፤ ውኃውን ደፋችው። የታችኛው አተላ እዚያው ቀረ። ጥንስሱን ልትጨምር ስትል፣

«በግራዋ አታሹትም? አታጥኑትም?» አልኳት። ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ በጥንጁት ወይም በወይራ ታጥኖ እንደሆነ ወንዱም ያውቃል።

ሳቀችብኝ። «የማኅበር ጋን በግራዋ አይታጠብም፣ አያ ደሳለኝ። በረከቱ ይሄዳል። ካለፈው ቤት የቀረው ለሚቀጥለው ቤት እርሾ ነው። እኔም አንጓች ያቆየችልኝን ነው የጠመቅሁበት፤ አንጓችም የእመት የሻረግን ነው።»

ምላሴ ያለውን እውነት ነው ያለው። የእመት የሻረግ ጌሾ ከጋኑ ሥር ነበር፤ ማኅበሩ ራሱ በቃሬዛ ተሸክሞ አምጥቶ ደጇ ላይ አስቀምጦላታል። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን በከተማው ያለች ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ እመት የሻረግን ንዴታቸው አስረስቷቸዋል፤ ኮሶው ሥር ደግሞ ከአንጓች በቀር ሴት አልነበረችም። እሷም ልትናገር አፏን ስትከፍት አሳቅሁባት።

በማግሥቱ ጫግኒ ወረድኩ። መኪናው ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጭኜ ነው፤ ሙቀቱ ሲጀምር ካፖርቴን አወለቅሁ። አንጓች ከእህል ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ይዛለች፤ ጣሳ አልሰቀለችም፤ ለነጋዴዎች ወጥ ትሠራለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የአማቹን፣ የጋኑን። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆማ ሰማችኝ።

«ስለ ጋኑ ነግሬህ ነበር» አለች።

«ሰምቼሽ ነበር።»

«አልሰማኸኝም። አሳቅህብኝ።»

ገብታ ጠላ ይዛ መጣች፤ ከመንገድ የመጣን ሰው ደረቁን መሸኘት አይሆንላትም። በመዳፏ ቀመሰችና ሰጠችኝ። «የየት ነው?» አለች፤ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። «አላውቅም» አልኳት። «ታውቃለህ።» «አውቃለሁ። አልናገርም።» «ዘግይተሃል» አለችኝ። ወደ ቆሰበር ትመለስ ዘንድ ለመንኳት፤ እመት የሻረግ እግርሽ ላይ ሊወድቁ ዝግጁ ናቸው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ስሜን ከማኅበሩ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው መልሰህ አግባልኝ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።» ሽማግሌ ልልክብሽ ነበር የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከሷ ይልቅ ሳቁን የመረጠ ሰው ያንን የመናገር መብት የለውም።

በጥር ሚካኤል ማኅበሩ ቤቴ ሲሰበሰብ ከዝክሩ በፊት ቆምኩ። ጋኑን መሃል ላይ አስመጥቼ፣ ከሥሩ የሚቀረው አተላ ከቤት ቤት እንደሚሻገር ነገርኳቸው። አንጓች አልሰረቀችም፣ የሰረቅኋት እኔ ነኝ፣ ምስክርነቴን አንሥቻለሁ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የጌሾ አገር ከአፌ አይሰማም አልኩ። እመት የሻረግ እያለቀሱ ሰሙኝ። አያ ቢተው ጢማቸውን እያሹ፣ «ታዲያ የኅዳርን ተራ ማን ይይዘዋል?» አሉ። «የአንጓች ነው» አልኩ። «እስክትመጣ እኔ ቤት ይደረግ፤ ስሙ ግን የሷ ይሁን።»

አልመጣችም። ጫግኒ እህል ነጋዴ አገባች፤ ወለደች። እኔም በሦስተኛው ዓመት ደግ ሴት አገባሁ፤ በዓመት ሁለቴ ለምን እንደምናበላ ጠይቃኝ የኅዳሩ ባለተራ የሟች አደራ ነው ብያት ተቀበለችው። በየኅዳሩ ዝክሩ ሲያበቃ ከማኅበሩ ጋን አንዲት ገንቦ ሞልቼ አፏን በኮባ ቅጠል አስሬ በሾፌር እጅ ጫግኒ እልክ ነበር። ገንቦዋ በሳምንቱ ትመለሳለች። ባዶ ናት፤ በግራዋ ተፈትጋ ታጥባለች፤ ጥንጁት ጥንጁት ትሸታለች። አፍንጫዬን አስገብቼ አሸታትና እሰቅላታለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ፣ ሁለተኛው ዓመት እንዲህ፤ እስከ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሾፌሮቹ ተለወጡ፣ የጠላው ዋጋ እጥፍ ሆነ፣ ተፈሪ ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ፤ ገንቦዋ ግን እየታጠበች መመለሷን አልተወችም።

የመጀመሪያ ልጄ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ሾፌሩ ገንቦዋን በረንዳው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ሳነሣት ከወትሮው ጥቂት ከበደችኝ። ኮባውን ፈታሁት። ግራዋ አይሸትም፤ ጥንጁት አይሸትም። ገንቦዋ በውኃ ብቻ ተለቅልቃለች፤ ከሥሯ አንድ ጉንጭ የሚሆን አተላ ቀርቷል፤ የእኛ አልነበረም፣ የሷ ቤት እርሾ ነው። የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያየኝ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ኅዳር ያን አድርቄ ያቆየሁትን አተላ ከማኅበሩ ጥንስስ ጨመርኩት።

አንጓችም ካረፈች ቆየች፤ ጋኑም ተሰበረ፤ ጊዜው ነው። ገንቦዋ ግን ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅላለች። ባለፈው ኅዳር እንግዶቹ ሲነሡ የዛሬው ሙሴ፣ የአያ ቢተው የልጅ ልጅ፣ የሚቀጥለውን ተረኛ ነግሮ ሲያበቃ እንደ ልማዱ «የአንጓች ተራ እንዲህ አለፈ፤ ለከርሞ ያድርሰን» አለ። አንጓች ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ሰዎቹም አያውቁም፤ የኅዳር ሌላ ስም ይመስላቸዋል። ሰላም ዕቃ ስትሰበስብ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ተነሥታ ገንቦዋን ከተሰቀለችበት አወረደች፤ አቧራ ይዟት ነበርና የዕቃ ሳሙናና ሽቦ ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ጠራኋት።

«ሳሙናውን ተይው፤ በውኃ ብቻ አለቅልቂያት» አልኳት።